ከድንጋይ ክምሩ ወዲያ አራት መቶ እርምጃ

ጁን 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የአጥር ሥራዬ መዝገብ ነበር። ስንት ቋሚ ተተከለ፣ ስንት ጥቅል ሽቦ ተዘረጋ፣ የማን በግ አምልጦ የማን አትክልት በላ። ጡረታ ስወጣ ግማሹ ባዶውን ቀረ። ወረቀት መጣል አልወድም፤ ስለዚህ የቀረውን በራሴ ጉዳይ ልሞላው ነው። ደግሞ በዚህች መንደር የሆድን ለሰው መንገር ማለት ሱቁ በር ላይ መለጠፍ ማለት ነው። ደብተር ግን አፍ የለውም።

ዛሬ ወንድሜን ሄክተርን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። በዕድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፣ በእልህ ደግሞ በሃምሳ። ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ሲሄድ መሐል ላይ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የላም ሥዕል የሚያይ መስሎ ነው የቆመው። ያ ሥዕል እዚያ ከተሰቀለ አርባ ዓመት አልፎታል።

«ምን አዲስ ነገር አገኘህበት?» አልኩት።

«ላሟ ከስታለች» አለኝ፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

ከሆስፒታል የመጣው ደብዳቤ አሁንም ከሰዓቱ ኋላ እንደተወሸቀ ነው። የኢንቨርነስ ሐኪሞች የልብህ በር ጠቧል፣ እንቀይርልህ ብለውታል። መልስ አልሰጣቸውም።

«ለምን አትደውልላቸውም?»

«ምን ያስቸኩለኛል? የምሠራውን ሁሉ ሠርቻለሁ» አለና በአገጩ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አሳየኝ።

በአገራችን ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ጫማ በላይ ሆነው ሦስት ሺህ ያልሞሉ ተራሮች በአንድ ዝርዝር ተመዝግበዋል፤ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ናቸው። ትልልቆቹን ሁሉም ሰው ይወጣቸዋል። ሄክተር ግን መካከለኞቹን መረጠ፤ «ማንም የማይጠይቃቸው ዘመዶች» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ፈጅቶ ጨረሳቸው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የመጨረሻውን ሲወጣ፣ እንደ ወጉ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ አብሮ ወጥቶ አናቱ ላይ ዊስኪ ተቀዳ። ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ጂን ኬኩን በጀርባዋ ተሸክማ ነበር የወጣችው። ከዚያ በኋላ ሄክተር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ሁለት መቶ ሃያ ሁለት። እኔ የማውቀው ግን ሁለት መቶ ሃያ አንድ ነው። ነገ እጽፈዋለሁ።

ጁን 4

አልጻፍኩትም። የግቢውን ሣር አጨድኩ።

ጁን 5፣ ረቡዕ

ዛሬም ሣር ላጭድ ወጥቼ ነበር፤ ትናንት የታጨደ ሣር ግን በአንድ ቀን አያድግም። እንግዲህ ልጻፍ።

ነገሩ የሆነው ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ነው፤ መል ዮርና በሚባለው ተራራ ላይ። ተራራ ልበለው እንጂ ከሥሩ እስከ አናቱ ሣር የለበሰ፣ የተኛ በሬ የሚመስል ነገር ነው። ቋጥኝ የለውም፣ ገደል የለውም፣ ዝና የለውም። ያለው ርቀት ብቻ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ሥሩ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር። ያን ቀን ጉም ከመውረዱ የተነሣ የራሴን ጫማ ለማየት ማጎንበስ ነበረብኝ። ሄክተር ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሽቅብ ስንል ስንል አንድ የድንጋይ ክምር ጋ ደረስን፤ ተራራ አናት ላይ የሚቆለለው ዓይነት። ሄክተር በመዳፉ ነካው። ከደረት ኪሱ የተራሮቹን ዝርዝር የያዘች ትንሿን መጽሐፉን አወጣና በእርሳስ ምልክት አደረገ። ሁልጊዜ በእርሳስ ነው፤ ቀለምን ዝናብ ያጥበዋል ይላል።

እኔ ግን ብረቶቹን አየሁ። በተራራው ጀርባ ላይ የድሮ የድንበር አጥር ብረቶች ተተክለው ቀርተዋል። ሄክተር ካርታ ያነባል፤ እኔ የማነበው አጥር ነው። የድንበር አጥር የሚሠራ ሰው ብረቱን የሚተክለው ውሃ ግራና ቀኝ በሚከፈልበት፣ በተራራው ከፍተኛ መስመር ላይ ነው። የእነዚህ ብረቶች ራስ ደግሞ ከክምሩ አልፎ ጉሙ ውስጥ ሲገባ ከፍ እያለ ነበር የሚሄደው። አናቱ ገና ነው ማለት ነው። ያን ክምር የቆለለው ሰውም እንደኛ ጉም የሸወደው መሆን አለበት።

እያወቅሁ ዝም አልኩ። ቀልድ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከወረድን በኋላ «ሄክተር፣ አናቱን ረስተነው መጣን» ልለው፣ እሱ ሊሳደብ፣ እኔ ልስቅ፣ ከዚያ ተመልሰን ልንወጣ ነበር ሐሳቤ። ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳንወርድ ቆመና፣ «ጂን አርግዛለች» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ነው። «እዚህ ልነግርህ ብዬ ነው ያመጣሁህ» አለና እስከ ታች እየዘፈነ ወረደ። የሰማው በግ ሁሉ ሸሸ።

እንዲህ ላለ ሰው ተመለስ አይባልም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ሠላሳ ሰባት ዓመት። ያኔ ያልተወለደችው ኢሽበል ዛሬ ፐርዝ ከተማ አስተማሪ ናት፤ አጎቷን ጭምር እንደ ተማሪ ትገሥጻለች።

ጻፍኩት። ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ጁን 6

ካርታውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከክምሩ እስከ እውነተኛው አናት በኔ እርምጃ አራት መቶ ነው። የከፍታው ልዩነት ሁለት ሜትር፤ የሄክተር ቁመት፣ ከነባርኔጣው።

መላ መጣልኝ። መናገር ለምን ያስፈልጋል? ሄክተርን ይዤው እወጣለሁ። ክምሩ ጋ ስንደርስ «ና፣ እስቲ ይህን የድሮ አጥር ተከትለን እንየው» እለዋለሁ። አራት መቶ እርምጃ። ሳያውቀው አናቱን ይረግጣል። ምልክቱ እውነት ይሆናል፤ እኔም ዕዳዬን ሳልናዘዝ እከፍላለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዤ ዕድሜ ልኬን አጥር ስሠራ መኖሬ ይገርማል።

ጁን 8፣ ቅዳሜ

የተራራው ጠባቂ ጊሊስ ጋ ደወልኩ። የአጋዘኖቹ ሁሉ ኃላፊ እሱ ነው። በአርባ ዓመቱ የሰማንያ ዓመት ሰው ይመስል ያጉረመርማል።

«መል ዮርና? ማን ነው መል ዮርናን የሚፈልገው?»

«እኔና ወንድሜ።»

«ከኦገስት አንድ በኋላ እንዳይሞክሩት። አደን ይጀመራል፤ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሰው አላስገባም። ከዚያ በኋላ በረዶውን እርስዎና እሱ ትካፈሉታላችሁ።»

«ከዚያ በፊት ነው። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ የጥርጊያ መንገዱን የበር ቁልፍ። አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር በመኪና እንድንገባ።»

«የላይኛው የአጋዘን አጥር በር ከማጠፊያው ወልቋል» አለ።

«ስለ ቁልፍ ነው የጠየቅኩህ።»

«እኔም ስለ ቁልፍ ነው የማወራው» አለኝ።

እንግዲህ በሩን እጠግናለሁ። ጡረታ ወጣሁ ያልኩት ለማን ነበር?

ጁን 12

ሄክተር ጋ።

«መል ዮርናን እንውጣ።»

«ወጥቼዋለሁ።»

«ያየኸው ግን ጉሙን ነው።»

«ሣር ነው። ሣር በፀሐይም ሣር ነው።»

እንዲህ ሲል ነገሩን ወደ ራሴ አዞርኩት። የድሮዎቹን የአጥር ብረቶች ሳልሞት አንዴ ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። ጉልበቴ ደግሞ እንደምታውቀው ነው፤ ብቻዬን አልደፍርም። ትንሽ አነከስኩም። ቀኝ ይሁን ግራ አላስታውስም፤ ስወጣ በሌላው ሳላነክስ አልቀረሁም።

ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተን ብቻህን ብለቅህ ረግረግ ውስጥ ሰጥመህ የሰው ሥራ ታስፈታለህ» አለ። «እመጣለሁ። ግን በሕጌ፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግር።»

ይህን ረስቼው ነበር። ሄክተር በጥርጊያ መንገድ ላይ መኪና መንዳትን እንደ ስርቆት ነው የሚያየው። ለጊሊስ ጎጆ ሽቦ ማድረስ አለብኝ፣ ቃል ገብቻለሁ፣ ስለዚህ መኪናው የግድ እስከ ውስጥ ይገባል አልኩት። ሽቦ የለኝም። ከራሱ ከጊሊስ አሮጌ ጥቅል መፈለግ አለብኝ።

ጁን 16፣ እሑድ

ልምምድ ጀመርን። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ። ስድስት ጊዜ ቆመ፦ አንዴ ጫማውን ለማሰር፣ አንዴ የወይዘሮ ፍሌትን ጽጌረዳ ለማየት፣ አራት ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

እኔ አልቆጠርኩም። ዝም ብሎ ቁጥሩ ራሴ ውስጥ ቀርቶ ነው።

ጁን 20

ዝናብ።

ጁን 21

ዝናብ። የዓመቱ ረጅሙ ቀን ነው ይላሉ። ረጅሙ ዝናብ ነው።

ጁን 24

የጊሊስን በር ስጠግን ዋልኩ። ትንኙ በአፌም በጆሮዬም ገባ። ማጠፊያውን ስመታ አውራ ጣቴን መታሁት። አሁን ጉልበቴ የምር ያመኛል። በውሸት ያነከሰ በእውነት ያነክሳል።

መልስ ላይ ሱቅ ገባሁ። ወይዘሮ ፍሌት ጀርባዋን ሰጥታኝ ለባለሱቋ ስታወራ ሰማሁ። «ባለፈው ሐሙስ ሄክተር እዚሁ መጥቶ ወንበር ለመነ። ሄክተር፣ ወንበር።» ዞር ስትል አየችኝና ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ጁን 26

አምስት ጊዜ። ነፋሱ ከኋላችን ስለነበር ነው መሰለኝ።

ጁን 30፣ እሑድ

ኢሽበል ደወለች። አባቷ አፉን አልጠበቀም።

«አጎቴ፣ አባዬን ተራራ ልታወጣው ነው አሉ።»

«እሱ ነው እኔን የሚያወጣኝ። ጉልበቴን ታውቂው የለ?»

«ጉልበትህን አውቀዋለሁ። ለገና በዓል ጠረጴዛ ላይ ወጥተህ የጨፈርክበት ነው።»

ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ዘጋችው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ማምለጫ የለኝም።

ጁላይ 6፣ ቅዳሜ

መጣች። ሄክተር ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ሲያሸልብ እኔን አትክልቱ ጋ ወሰደችኝ። ደብዳቤውን ከሰዓቱ ኋላ አውጥታ አንብባዋለች።

«ካልተቀየረለት ከአንድ ሁለት ክረምት በላይ ዋስትና የለንም ነው የሚሉት። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ። የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹ጨርሻለሁ ልጄ፣ መጽሐፉ ሞልቷል›። ምን ዓይነት መልስ ነው እሱ? አንተ ደግሞ በዚህ ላይ ተራራ ታመጣለህ።»

«ሣር ነው። ትራስ በለው።»

«አጎቴ። ለአንድ ጊዜ ሳትቀልድ መልስልኝ። ለምን ያ ተራራ?»

ካሮቶቹን አየሁ። እነሱም ምንም አልረዱኝም። ነገርኳት፤ ክምሩን፣ ብረቶቹን፣ ቀልዱን። ለምን እንዳልተመለስን ስነግራት፣ ማለት አባቷ ጉም ውስጥ ቆሞ ስለ እሷ የነገረኝን፣ ደብዳቤውን በእጇ ጠቀለለች። ልትመታኝ ነው ብዬ ነበር።

«በእኔ ምክንያት ነው የዋሸኸው?»

«ዋሸሁ አትበይ። ማረም ዘገየሁ።»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት።»

«ሥራ በዝቶብኝ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ አስተማሪ ሆነች። ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛ፣ የአባቷን ሐኪም ትጠይቃለች፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ፣ እሷም አብራን ትወጣለች። ሁለተኛ፣ ያ ክምር ጋ ስንደርስ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ። «ሳያውቀው አናቱን ታስረግጠዋለህ አይደል ሐሳብህ? አንተን አላውቅህም? እዚያው ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

ይህች ልጅ በልጅነቷ እንዴት ያለች ጭምት ነበረች።

ጁላይ 9

ሐኪሙ፦ ቀስ ብሎ፣ በፈለገ ጊዜ እየቆመ። ደረቱን ትንሽ ከወጋው ወይም ካዞረው ወዲያው መመለስ።

መፈቀዱን አልጠላሁም። ባይፈቀድም ኖሮ አልጠላም ነበር።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሄደን ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን፣ ሳንድዊች ተሠራ፣ ቴርሞስ ተሞላ፣ ሽቦው ተጫነ። በጥርጊያው መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገብተን ወንዙ መሻገሪያ ላይ ደረስን። በሌሊቱ ዝናብ ሞልቶ ድልድዩን ሸፍኖታል። ከማዶ አንዲት በግ ቆማ አየችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ሳትል ሄደች።

ሄክተር ከመኪናው አልወረደም። «ውሃው ከኛ ጋር አልተስማማም» አለ። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። ከመኪናው መንገጫገጭ ነው።

ስመለስ ወንዙን እየረገምኩ ነዳሁ። ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ድልድዩ ተሸፍኖ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ጁላይ 17

ኢሽበል ባለፈው ሰሞን ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር። ዛሬ በሄክተር መስኮት ሥር ሳልፍ ራሱ ሲላት ሰማሁ። «አንቺ ደህና ነሽ፣ እናትሽ አርፋለች፣ መጽሐፉ ሞልቷል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚለው በምልክቶቹ ተማምኖ ነው። አንዱን ምልክት ያጣመምኩት እኔ ነኝ። ቢያውቅ ምን ይለኛል? በሙሉ መጽሐፍ የሚጽናና ሰው ላይ ገጹን እቀድበታለሁ? ደግሞስ በዚህ ልቡ?

ኢሽበል ስትታይ አስተማሪ፣ ስትመረመር ጨካኝ ናት።

ጁላይ 18

እህል አልበላ ብሎኛል። ዓሣው መጥፎ ሳይሆን አልቀረም።

ጁላይ 22

ጭጋግ። ጊሊስ ደወለ። «ዘጠኝ ቀን ቀርቶዎታል።» የአየር ትንበያ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። «ከቤት ውጭ ወጥተው ይዩ» አለ።

ጁላይ 27

ሬዲዮው ማክሰኞ ጥርት ይላል አለ። ሬዲዮው ያለፈውንም ቅዳሜ ጥርት ይላል ብሎ ነበር። ጊሊስም ጥርት ይላል አለ። ጊሊስ መልካም ነገር ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ እውነት መሆን አለበት።

ጁላይ 29

ሽቦው ተጭኗል። የምናገረውን በመስታወት ፊት ተለማመድኩ። «ሄክተር፣ አንድ የማይረባ ነገር አለ።» አይሆንም። «ሄክተር፣ ታስታውሳለህ?» አይሆንም። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ጥፋተኛ ይመስላል።

ጁላይ 30፣ ማክሰኞ

አምሽቻለሁ፤ ግን ሰማዩ አሁንም ብሩህ ነው፣ መብራት ሳላበራ ነው የምጽፈው።

ወንዙ ጎድሎ ድልድዩ ደርቆ ጠበቀን። ከጥርጊያው መንገድ መጨረሻ ላይ መኪናውን አቆምኩ። ሄክተር ወርዶ ወደ ኋላው ጭነት አየ።

«ሽቦውን አታወርድም?»

«ስንመለስ።»

«ስንመለስ» አለ።

ከዚያ ሣሩ። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በውስጡ ጉብታ፣ በጉብታው መሐል ውሃ። ኢሽበል ከፊት፣ ሄክተር ከመሐል፣ እኔ ከኋላ። ሌላ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበትን አራት ሰዓት ሄድንበት። ሄክተር በየሃምሳ እርምጃው ይቆማል። እሱ ሲቆም እኔ ጉልበቴን እይዛለሁ፤ እንዳያፍር። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ሲቆም፣ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ ላይ ዓይኑን አሳርፎ፣ «ላሟ አትታየኝም» አለ። ኢሽበል አልገባትም። እኔ ስስቅ ትንኝ ዋጥኩ።

ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ከንፈሩን፣ ጥፍሩን፣ ትከሻውን። በግ ሊገዛ የመጣ ሰው እንዲህ አያይም። አንዴ ዞር ብሎ፣ «ምን ታፈጣለህ? ዋጋ ልትተምነኝ ነው?» አለኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ክምሩ ጋ ደረስን። ጉም የለም፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ዙሪያው ተራራ ላይ ተራራ። ብረቶቹ ዝገው እንደቆሙ ናቸው፤ መስመራቸው ከክምሩ አልፎ ቀስ እያለ ወደ አንዲት የሣር ጉብታ ይወጣል። በፀሐይ ላይ ለማንም ግልጽ ነው። ሄክተር ድንጋዮቹን በመዳፉ ነካ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ፣ ሻይ ጠየቀ።

ኢሽበል አየችኝ። ቴርሞሱን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እንደገና አየችኝ።

«ሄክተር» አልኩ፣ «ይህ አናቱ አይደለም።»

የተለማመድኩት አልነበረም። ያም ሆኖ ወጣ። የቀረውንም አከታትዬ ነገርኩት፤ ብረቱን፣ ጉሙን፣ ቀልዱን፣ እሱ ጂን አርግዛለች ያለበትን ቦታ፣ ሃምሳ እርምጃ ወረድ ብሎ ያለውን፣ ሠላሳ ሰባቱን ዓመት። ስናገር ወደ ጫማዬ ነበር የማየው።

ቀና ስል ሄክተር ብረቶቹን እየተከተለ ያይ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ጉብታዋ።

«ስንት እርምጃ ነው?»

«አራት መቶ።»

«በስንት ትበልጣለች?»

«በሁለት ሜትር። አንተ ከነባርኔጣህ።»

እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ኢሽበል ብድግ አለች፤ እኔም ወደ እሱ ተንደረደርኩ። ሄክተር ግን የፈለገው ኪሱን ነበር። ትንሿን መጽሐፍ ከላስቲኩ አወጣ። እርሳሱንም አወጣ። ገጹን ገለጠ፤ እርሳሱን ገለበጠና በጫፉ ባለችው ላጲስ መፋቅ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ። ፍርፋሪውን እፍ አለው፤ ነፋሱ ወደ እኔ አመጣው።

«ሁለት መቶ ሃያ አንድ» አለ።

«ሄክተር፣ እንሂድ በቃ። አሥር ደቂቃ ነው። ፀሐይ ነው። እኔ ልደግፍህ።»

«አልሄድም።»

«እንዴት አትሄድም? ይኸው ትታያለች እኮ።»

«ዊስኪ ይዘሃል?»

«ሻይ ነው።»

«ሰው ጠርተሃል?»

«ማንን?»

«ኬክስ?»

ሳንድዊቹን አሳየሁት። ሳንድዊቹን አየ፣ እኔን አየ።

«አንድ ሰው አንድ ብቻ የቀረው ከሆነ፣ ያን አንድ ማክሰኞ ቀን፣ በሻይ፣ ከአንድ ሌባ ወንድም ጋር አያባክነውም። ወግ አለ። ሰው ይጠራል። የመጨረሻዬ ናት።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላየሁትም እንጂ። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማንም እንዳይነካበት ሲከላከል የሚኖረው ፊት ነው። «ኢሽበል፣ ይህ ጠባቂ ተራራውን መቼ ነው የሚከፍተው?»

«ኦክቶበር መጨረሻ፣ አባዬ። ግን በረዶ አለ።»

«ለሜይ እንበለው። ሜይ ቀኑ ረጅም ነው፣ ትንኙም አልተነሣም።»

ተነሣ፤ ጀርባውን ለጉብታዋ ሰጠና ቁልቁል ጀመረ። አራት መቶ እርምጃ ቀርቶት። ኢሽበል አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አላወቅኩም፤ እሷም ያወቀች አልመሰለኝም። እኔ ለሁለት ወር ሳልቆጥር የቆጠርኩትን ሁሉ ይዤ እዚያ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ለምን እኔ እንኳ ሮጬ ነክቼያት አልመጣም?

«ላክላን» አለ ሄክተር ዞር ሳይል። «ቀድመኸኝ ብትነካት ሽቦህን አበላሃለሁ።»

ሃምሳ እርምጃ ወረድ ብሎ ቆመ፤ ትንፋሽ ሊሰበስብ መሰለኝ። ኢሽበልን ጠራትና በዱላው መሬቱን መታ። «እዚህ ነው» አላት። ሣር ነው ቦታው፣ ምልክት የለውም። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ታየው ነበር።

ጁላይ 31፣ ረቡዕ

ጉልበቴ አብጧል። ማንከሴን ግን ማንም አላመነኝም።

ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ከበሩ ሳልገባ ስልክ ላይ ሆኖ ሰማሁት።

«አዎ፣ ደብዳቤው ደርሶኛል። አይ፣ መልስ ያልሰጠሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ይህን አባባል ከማን እንደወሰደው አውቃለሁ። «ጃንዋሪ? ጃንዋሪ ይዘገያል እመቤቴ። አገግሜ መለማመድም አለብኝ። ሜይ ላይ ቀጠሮ አለብኝ። አይ፣ የሐኪም አይደለም። የሚዘገይ ቀጠሮ አይደለም።»

የሚሉትን ሰማ። «ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት» አለና ለራሱ ደገመው። «ይሁን። እመጣለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የላሟን ሥዕል አየሁ። ትንፋሼ እስኪመለስ።

ስገባ ደብዳቤው ከሰዓቱ ኋላ የለም። በቦታው አንድ ወረቀት ተወሽቋል፤ የእንግዶች ስም ዝርዝር። ጊሊስ አለበት፣ ወይዘሮ ፍሌት ከነጽጌረዳዋ አለችበት፣ ኢሽበል ከላይ ናት። አሥራ ሦስቱ ስም በቀለም ነው የተጻፈው። አሥራ አራተኛው የኔ ነው፤ ከሥሩም «ኬክ ተሸካሚ» ይላል።

የኔን ብቻ በእርሳስ ነው የጻፈው። እርሳሱንም ከነላጲሷ አጠገቡ አስቀምጦታል።